ነጠብጣብ፣ ዝንጉርጉርና እድፍ በእንግሊዝኛ፦ ሐዋሳ ላይ ለሚሠሩ የተዘጋጀ የአገላለጽ መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ ለዕለት ሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሐይቁ ላይ እንግዳ በጀልባ የሚያስጎበኙ ወጣቶች፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የጨርቅ ጥራት የሚፈትሹ ሠራተኞች፣ ቡናና ቦሎቄ ለውጭ ገዢ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች፣ ሪፖርት የሚጽፉ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች። ሁሉም ነጠብጣብ ያለበትን ነገር መግለጽ ይገጥማቸዋል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሳት ቃል አንዲት ናት፤ «ስፖትድ»። ወፉም ስፖትድ፣ ጨርቁም ስፖትድ፣ የሕፃኑ ቆዳም ስፖትድ ይሆናል። ሰሚው ነጠብጣብ እንዳለ ይገባዋል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አይገባውም። ሥራ ላይ ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ዓይነቱ ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ነገር የሚጠቀምባቸው የተለመዱ ቃላት ሃያ ግድም ይሆናሉ። መዝገበ ቃላት ከፍቶ መሸምደድ ብዙም አይረዳም፤ ግማሾቹ «ዝንጉርጉር»፣ ግማሾቹ «ነጠብጣብ ያለበት» ተብለው ስለሚፈቱ ተመልሰን እዚያው ነን። የሚያዋጣው ነገሩን በቅደም ተከተል አይቶ ራስን መጠየቅ ነው። ጥያቄዎቹ በትክክል ከተመለሱ ቃሉ ራሱ ይመጣል። እኔ ተማሪዎቼን የማስተምርበት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፤ በተለይ የመጀመሪያውን ደረጃ እንዳትዘሉ አደራ።

ደረጃ 1፦ መልኩ ነው ወይስ ጉድለቱ?

ያያችሁት ምልክት የነገሩ የራሱ መልክ ነው ወይስ በኋላ የመጣበት ችግር? ነብር ሲፈጠር ጀምሮ ዝንጉርጉር ነው። ሸሚዝ ላይ የተንጠባጠበ ወጥ ግን የሸሚዙ መልክ አይደለም። እንግሊዝኛ ሁለቱን በተለያየ ቃል ነው የሚጠራቸው፤ ካምታታችኋቸው ጉድለቱን ውበት፣ ውበቱንም ጉድለት ታደርጉታላችሁ።

ለመልክ የሚሆኑት «ስፖት»፣ «ዶት»፣ «ስፔክል»፣ «ፍሌክ»፣ «ፓች» እና ከእነርሱ የሚወጡት ቅጽሎች ናቸው። እነዚህን ቀጥሎ በየደረጃው እንመጣባቸዋለን። ለጉድለት የሚሆኑትን ግን እዚሁ እንያቸው፦

«ስቴይን» ፈሳሽ ወይም ቀለም ዘልቆ ገብቶ በቀላሉ የማይለቅ እድፍ ነው፤ የቡና፣ የዘይት፣ የደም። «ስማጅ» በእጅ ተነክቶ ወይም ታሽቶ የደበዘዘ ምልክት ነው፤ ያልደረቀ የእስክሪብቶ ቀለም ላይ እጃችሁ ሲያልፍ የሚቀረው። «ስሚር» ቅባትነት ያለው ነገር ተጎትቶ ሲለቀለቅ ነው። «ስፓተር» ተፈናጥቆ ነው፤ ክረምት ላይ ባጃጅ በአጠገባችሁ አልፎ ሱሪያችሁ ላይ የሚተወው ጭቃ በዚህ ቃል ይገለጻል፤ ሱሪው «መድ-ስፓተርድ» ነው። «ብሌሚሽ» ደግሞ ፍራፍሬና ቆዳ ላይ የሚታይ መጠነኛ ጉድለት ነው። ማንጎና አቮካዶ ለሆቴል የምታቀርቡ ይህን ቃል ያዙት፤ «ኖ ብሌሚሽስ» የሚል ገዢ የሚፈልገው ልጣጩ ላይ ምንም ምልክት የሌለውን ነው።

ጨርቅ ፈታሾች እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ሥራ የብዙ የከተማችን ወጣቶች ሥራ ሆኗል። በልብስ ኢንዱስትሪው በሰፊው የሚሠራበት የአራት ነጥብ አሠራር ጉድለትን በርዝመቱ ነው የሚቀጣው፦ እስከ 3 ኢንች 1 ነጥብ፣ ከ3 በላይ እስከ 6 ኢንች 2 ነጥብ፣ ከ6 በላይ እስከ 9 ኢንች 3 ነጥብ፣ ከ9 ኢንች በላይ 4 ነጥብ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ስፖትድ ፋብሪክ» ብሎ መጻፍ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ ንድፉ ነጠብጣብ ያለው ጨርቅ ይመስላል፤ ሁለተኛ መጠኑ አይታወቅም። ጥሩ መዝገብ አራት ነገር ይይዛል፤ ምን እንደሆነ፣ ቀለሙን፣ ርዝመቱንና ቦታውን። ለምሳሌ፦ «ኦይል ስቴይን፣ ዳርክ ብራውን፣ 2 ኢንችስ፣ ኒር ዘ ሌፍት ሴልቬጅ»። ሴልቬጅ የጨርቁ የዳር ጠርዝ ነው። ይህን ያነበበ ተቆጣጣሪ ጨርቁን ሳያየው 1 ነጥብ ይመዘግባል፤ ዘይቱም ከየትኛው ማሽን እንደመጣ መፈለግ ይጀምራል። ምልክቱ በጣም ትንሽና ክብ ከሆነ «ኦይል ስፖት» ማለትም ይቻላል፤ «ኦይል» የሚለው ቃል ከፊቱ ስላለ ንድፍ ነው ብሎ የሚሳሳት የለም።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል ነው?

ጉድለት አለመሆኑን ካረጋገጣችሁ መጠኑን ተመልከቱ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ እንዲህ ናቸው፤ «ስፔክ»፣ «ዶት»፣ «ስፖት»፣ «ፓች»።

«ስፔክ» ከብናኝ የማይበልጥ ነው። «ዶት» የእስክሪብቶ ጫፍ ወረቀት ላይ የሚተወው ያህል፣ ትንሽና ክብ ነው። «ስፖት» ከዚያ ይተልቃል፤ ክብ ባይሆንም ወደ ክብ ይቀርባል። «ፓች» ሰፋ ያለ ቦታ የያዘ ነው፤ ቅርጹ እንደፈለገ ሊሆን ይችላል። «ፍሌክ»ን ለብቻው ያዙት፤ እሱም ትንሽ ነው፣ ግን ክብ ሳይሆን እንደ ፍንካች፣ እንደ ስብርባሪ ያለ ነው። ዓይኑ ውስጥ ወርቃማ ብልጭታ ያለበት ሰው «ብራውን አይዝ ፍሌክድ ዊዝ ጎልድ» አለው ይባላል።

በሕክምና ይህ የመጠን ነገር በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነው። ቆዳ ላይ ያለ፣ ሲዳሰስ የማያብጥ፣ ቀለሙ ብቻ የተለወጠ ቦታ ስፋቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ «ማኪዩል»፣ ከዚያ በላይ ከሆነ «ፓች» ይባላል። ሲዳሰስ ከፍ ካለ ደግሞ ትንሹ «ፓፒዩል»፣ ትልቁ «ፕላክ» ነው። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ «ስፖት» የምትለዋን ቃል ለታካሚው አቆዩለትና ካርዱ ላይ እነዚህን ጻፉ።

ቦሎቄ የምትነግዱ ደግሞ መጠን የዋጋ ጉዳይ ነው። በውጭ ገበያ «ላይት ስፔክልድ ኪድኒ ቢንስ» የሚባለው መደቡ ክሬም ሆኖ ቀያይ ጥቃቅን ጭረትና ነጠብጣብ የተበተነበት ቦሎቄ ነው። «ሬድ ሞትልድ» የሚባለው ሌላ ነው፤ እዚያ ቀዩና ክሬሙ በሰፋፊው ተቀላቅለው ይታያሉ። ሁለቱንም በአማርኛ ዝንጉርጉር ቦሎቄ ልንላቸው እንችላለን፤ ገዢው ግን አንደኛውን አዝዞ ሌላኛው ቢደርሰው ጭነቱን ይመልሳል። ናሙና ስትልኩ ፍሬውን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱና ከስሙ ጋር ላኩ።

ደረጃ 3፦ ጠርዙ ይለያል?

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ደረጃ ይህ ነው። ምልክቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በጣት ማሳየት ከቻላችሁ ጠርዙ ግልጽ ነው፤ እስካሁን ያየናቸው «ዶት»፣ «ስፖት»፣ «ፓች» ይሠራሉ። ካልቻላችሁ ወደ «ሞትልድ» ወይም «ብሎቺ» ትሄዳላችሁ።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዳችሁ አምባዛን ተመልከቱ። ጀርባው ላይ ግራጫው፣ ወይራማው አረንጓዴና ጠቆር ያለው ተቀላቅለው ታያላችሁ፤ አንድ ነጠብጣብ ነጥላችሁ «ይኸው» ልትሉ ግን አትችሉም። ይህ «ሞትልድ» ነው። አጠገቡ የተደረደረው ቆሮሶ ጭራው ላይ ደግሞ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች አሉ፤ እነሱ ነጠብጣብ ስላልሆኑ «ስትራይፕስ» ወይም «ባርስ» ናቸው። አንዳንድ አስጎብኚ ቆሮሶንም «ስፖትድ» ሲለው ሰምቻለሁ፤ ዓሣው ከፊት ለፊት ተዘርግቶ እያለ እንግዳው ግራ ይጋባል። እዚያው ገበያ ዳር የተሰለፉትን አባ ኮዳዎች ስትገልጹ «ብሎቺ» ይሠራላችኋል። ላባ የሌለው ሮዝማ ራሳቸውና አንገታቸው ላይ ጥቋቁር፣ ቅርጽ የለሽ ምልክቶች አሉ። «ብሎች» ከ«ስፖት» የሚለየው ሥርዓት የሌለው፣ መልኩም ለዓይን የማይስብ መሆኑ ነው። ስለዚህ የምታደንቁትን ነገር «ብሎቺ» አትበሉ።

ወደ «ሞትልድ» ልመለስ፤ ይህን ቃል ለመረዳት እንደኛ ስምጥ ሸለቆ የሚሆን ቦታ የለም። በሸለቆው ብዙ ቦታ ላይ ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚያገኘው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርሱ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ከዚህ የበዛ ፍሎራይድ ያለበት ውኃ ሲጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ላይ እንደ ደመና ያለ ነጭ፣ ከዚያም ቢጫ፣ ሲበረታ ቡናማ ይወጣበታል። አንዱ ቀለም የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ይህንኑ ችግር ያጠኑት የጥርስ ሐኪሞች ፍሬድሪክ ማኬይና ግሪን ቫርዲማን ብላክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ስለ «ሞትልድ ቲዝ» ጽፈው አሳተሙ፤ መንስኤው ውኃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1931 ነው። ዛሬ የበሽታው ስም «ዴንታል ፍሎሮሲስ» ይባላል፤ መልኩን ለመግለጽ ግን «ሞትልድ» አሁንም ያገለግላል።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ምክንያት ስላለኝ ነው። «ስቴይንድ ቲዝ» ብቻ ብትሉ ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው ቡና፣ ሻይ፣ ጫት፣ ሲጋራ ነው። «ደርቲ ቲዝ» ብትሉማ ልጁን ጥርሱን የማይታጠብ አደረጋችሁት። ልጁ በተወለደበት ቀበሌ የሚገኘውን ውኃ ከመጠጣት በቀር ያጠፋው የለም፤ የቱንም ያህል ቢቦርሽ አይለቅለትም። ለውጭ ሐኪም ወይም ለእርዳታ ድርጅት ስታስረዱ «ሂዝ ቲዝ አር ሞትልድ ቢኮዝ ኦፍ ፍሎራይድ ኢን ዘ ዋተር» በሉ። መንስኤው እዚያው ውስጥ ስላለ ነቀፌታ አይኖርበትም።

ደረጃ 4፦ እንዴት ተደርድረዋል?

እኩል የሚያካክሉ ክቦች እኩል ተራርቀው ከተደረደሩ «ፖልካ ዶት» ነው። ይህ የጨርቅና የልብስ ቃል ነው፤ የመጣውም ፖልካ የሚባለው ጭፈራ አውሮፓና አሜሪካን ባጥለቀለቀበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንስሳ ፖልካ ዶት አይባልም። ሲናገሩ «ኤ ፖልካ-ዶት ድሬስ» ይባላል እንጂ «ፖልካ-ዶትድ» ማለት ብዙም አያስፈልግም።

ጥቃቅን ሆነው ያለ ሥርዓት በብዛት ከተበተኑ «ስፔክልድ» ነው። የድርጭት እንቁላል «ስፔክልድ» ነው። በከተማችን ጣሪያ ላይ ዘወትር የምናያት፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላት፣ ቀላ ያለ ቡናማ ክንፏ ላይ ነጫጭ ምልክት የተረጨባት ርግብ በወፍ መጽሐፍት ስሟ «ስፔክልድ ፒጅን» ነው። አስጎብኚዎች ይህችን ርግብ ንቃችሁ አትለፏት፤ ከአውሮፓ የመጣ ወፍ ተመልካች በአገሩ የለችምና ቆሞ ያያታል። ጅግራም ጥቁር ግራጫ መደብ ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ የሞላባት ናት፤ የእሷ ነጠብጣቦች ግን እየተለዩ የሚታዩ ክቦች ስለሆኑ «ፋይንሊ ስፖትድ ዊዝ ዋይት» ማለት ይሻላል።

ነጠብጣቡ ባዶ ቀለበት የሚመስልበት ጊዜም አለ። ነብርን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ምልክቶቹ ድፍን አይደሉም፤ ጥቋቁር ነጥቦች ክብ ሠርተው መሀላቸው ከመደቡ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ይህ «ሮዜት» ይባላል። አቦ ሸማኔ ላይ ያሉት ግን ድፍን ጥቋቁር ክቦች ናቸው፤ «ሶሊድ ስፖትስ» ይባላሉ። ፎቶ እያሳያችሁ የሁለቱን ልዩነት ለእንግዳ የምታስረዱ ከሆነ እነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ ይበቃሉ። ጅብ «ስፖትድ ሃይና» ነው፤ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ነጠብጣቡ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ «ፌዴድ ስፖትስ» በሉ። የቀጭኔ ሰፋፊ ስለሆነ «ፓችስ» ነው።

ቅጠል ላይ ያለውን አደራደር ለሚያዩ የግብርና ባለሙያዎች ሁለት የቡና በሽታዎች ጥሩ መለማመጃ ናቸው። የቡና ቅጠል ዋግ ቅጠሉ ከላይ ሲታይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ገልበጥ ሲደረግ ብርቱካንማ ዱቄት አለው፤ «ፓውደሪ ኦሬንጅ ስፖትስ ኦን ዘ አንደርሳይድ ኦፍ ዘ ሊፍ»። «ፓውደሪ» እና «አንደርሳይድ» ካልተባለ መግለጫው ጎደሎ ነው። «ብራውን አይ ስፖት» የሚባለው በሽታ ደግሞ መሀሉ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ዙሪያው ቡናማ፣ ከዚያ ውጭ ቢጫ ክብ አለው። ይህን ከመሀል ወደ ውጭ ግለጹት፤ «ፔል ሴንተር»፣ «ብራውን ሪንግ»፣ «የሎ ሄሎ»። በነገራችን ላይ በቆሎ ላይ የሚወጣው «ግሬይ ሊፍ ስፖት» ስሙ ስፖት ይሁን እንጂ ምልክቱ በቅጠሉ ጅማቶች መሀል የተቀነበበ አራት ማዕዘን ነገር ነው፤ ስሙን አይታችሁ «ራውንድ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ደረጃ 5፦ መደቡ የትኛው ነው?

አማርኛችን ነጠብጣቡን ያስቀድማል፤ «ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ጥቁር ላም» እንላለን። በእንግሊዝኛ መደቡ ይቀድማል፤ «ኤ ብላክ ካው ዊዝ ዋይት ስፖትስ»። በአማርኛው ቅደም ተከተል የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ላሟን ነጭ፣ ነጠብጣቡን ጥቁር አድርጎ ይገለብጠዋል። መላው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ብዙውን ቦታ የያዘውን ቀለም ከነስሙ ተናገሩ፣ ከዚያ «ዊዝ» በሉ፣ ከዚያ የቀረውን። ለነጠብጣቡ ደግሞ መጠኑ ከቀለሙ ይቀድማል፤ «ስሞል ዋይት ስፖትስ» እንጂ «ዋይት ስሞል» አይባልም።

ሁለቱ ቀለሞች በሰፋፊው ተካፍለው መደቡን መለየት ሲያስቸግር ሌሎች ቃላት አሉ። ወፍ ከሆነና ጥቁርና ነጭ ከሆነ «ፓይድ»። ሐይቁ ላይ ከውኃው በላይ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ቁልቁል የምትወረወረው ዓሣ አዳኝ «ፓይድ ኪንግፊሸር» ናት። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ሲኖረው ሴቷ ያላት አንድ፣ እሱም መሀሉ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ይህን ለእንግዳ መንገር ደስ ያሰኘዋል። ደረቱና አንገቱ ነጭ የሆነው ቁራም «ፓይድ ክሮው» ይባላል። ፈረስ ከሆነ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ጥቁርና ነጩ «ፓይቦልድ»፣ ነጭና ሌላ ቀለም ያለው «ስኪውቦልድ» ነው። ቡሬ በሬ ግን «ብላክ-አንድ-ዋይት» ወይም «ሬድ-አንድ-ዋይት» ቢባል ይበቃል። ቦቃ ከሆነ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ትንሽ ነጭ «ስታር»፣ ወደ አፍንጫው የወረደው ደግሞ «ብሌዝ» ነው። ቡናማ መደብ ላይ ጠቆር ያለ ጭረት የተሰነጣጠቀበት ውሻ ወይም ላም «ብሪንድልድ» ነው።

«ዳፕልድ»ን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። ግራጫ ፈረስ ጎንና ታፋ ላይ ክብ ክብ እያለ ነጣ ነጣ የሚል ነገር ሲኖረው «ዳፕልድ ግሬይ» ይባላል። ከዚያ የበለጠ የሚያገለግላችሁ ግን ለጥላ ነው። ሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ስትቀመጡ ፀሐይ በቅጠሉ መሀል እየሾለከች መሬቱ ላይ የምትተወው ክብ ክብ ብርሃን «ዳፕልድ ሼድ» ወይም «ዳፕልድ ላይት» ነው። እነዚያ ክቦች እያንዳንዳቸው የፀሐይ ምስል ናቸው፤ በቅጠሎቹ መሀል ያለው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ብርሃኑ የቀዳዳውን ሳይሆን የፀሐይን ቅርጽ ይይዛል። የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ባለፈበት በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ፀሐይ በከፊል በተሸፈነችበት ቦታ ሁሉ ዛፍ ሥር ያለው ብርሃን ማጭድ ማጭድ ሆኖ ይታይ ነበር። ሪዞርት ወይም ካፌ ለምታስተዋውቁ ሰዎች «ዳፕልድ ሼድ» የምትለው ሐረግ እንግዳን የምትጋብዝ ናት።

ደረጃ 6፦ የሰው ቆዳ ከሆነ ቃላችሁን ምረጡ

እዚህ ላይ ትክክል መሆን ብቻውን አይበቃም። «ስፖቲ» በብሪታንያ እንግሊዝኛ ብጉራም ማለት ነው፤ ወጣትን ያሳፍራል። «ሺ ሃዝ ኤ ፊው ስፖትስ» ማለት ይለዝባል፤ ያም ቢሆን ብጉር ማለት ነው። አሜሪካዊ ብጉርን «ፒምፕል» ይለዋል። ጠቃጠቆ «ፍሬክልስ» ነው፤ ስድብነት የለውም። ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት ከልደት የመጣ ምልክት «በርዝማርክ»፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ከፍ ያለው «ሞል» ነው። ማድያት ሰፋ ያለ ስለሆነ «ዳርክ ፓችስ ኦን ዘ ፌስ»፣ የሕክምና ስሙ «ሜላዝማ»። ለምጽ «ዋይት ፓችስ»፣ የሕክምና ስሙ «ቪቲሊጎ»። ድንገት በብዛት የወጣና የሚያሳክክ ሽፍታ «ራሽ» ነው፤ ብዙ ነጥብ ቢኖረውም በነጠላ «ኤ ራሽ» ይባላል። እናት ልጇን ይዛ መጥታ ለውጭ ሐኪም የምታስተረጉሙላት ከሆነ «ስፖትስ» ብላችሁ አትለፉ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ የት እንደጀመረ፣ ያብጥ እንደሆነ፣ ውኃ ይቋጥር እንደሆነ ጠይቃችሁ አብራችሁ ተናገሩ። የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት የድሮ ሰው ፊት «ፖክማርክድ» ነው።

ደረጃ 7፦ አጻጻፉንና አነጋገሩን አስተካክሉ

ስፖትድ፣ ዶትድ እና ሞትልድ ሲጻፉ ቲ ይደገማል። ዳፕልድ ላይ ፒ ይደገማል። ስፔክልድ፣ ፍሬክልድ እና ፍሌክድ ላይ ሲ እና ኬ አብረው ይመጣሉ። ፓችና ብሎች ከሲኤች በፊት ቲ አላቸው። ፓይድ በአይ እና በኢ ነው የሚጻፈው።

ሲነበቡ ደግሞ ስፖትድና ዶትድ መጨረሻቸው «ቲድ» ብሎ ለብቻው ይሰማል። ፍሌክድ ግን «ፍሌክት» ነው የሚባለው፤ ኢድ የለበትም። ሞትልድ፣ ዳፕልድ፣ ስፔክልድና ፍሬክልድ «ልድ» ብለው ያበቃሉ።

«ስፖትድ» ግስም ነው፤ «አይ ስፖትድ ኤ ሂፖ» ማለት ጉማሬ አየሁ ማለት እንጂ ጉማሬው ነጠብጣብ አለው ማለት አይደለም። ሐይቃችን ላይ ጉማሬ ስላለ ይህችን ዓረፍተ ነገር የጀልባ አስጎብኚ ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማታል። «ዶትድ ዊዝ» ደግሞ ለሰፊ ቦታ ያገለግላል፤ ከታቦር ተራራ ላይ ቁልቁል ስታዩ «ዘ ሌክ ኢዝ ዶትድ ዊዝ ፊሺንግ ቦትስ» ትላላችሁ፤ ጀልባዎቹ ከሩቅ ነጥብ ነጥብ መስለው መታየታቸው ነው። «ፓቺ» ለኔትዎርክና ለዝናብም ይሆናል፤ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም ለማለት።

ደረጃ 8፦ ልምምድ

ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ውጡ። ዓሣ ገበያው፣ ሐይቁ ዳር ያሉት ዛፎች፣ የጨርቅ መሸጫ ሱቆች፣ እህል ተራ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፎቶ አንሱ። ቤት ገብታችሁ ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ መደቡ፣ «ዊዝ»፣ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ስሙ። ከዚያ ፎቶውን ላላየ ጓደኛ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አንብቡለትና በእርሳስ ይሣለው። የሣለው ከፎቶው ጋር ካልገጠመ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሳታችሁ ከሥዕሉ ይታያል፤ ክቦቹ ተልቀው ከሆነ ሁለተኛው፣ ጠርዛቸው ደምቆ ከሆነ ሦስተኛው፣ ጥቁርና ነጩ ተገለባብጦ ከሆነ አምስተኛው ነው። ያንኑ ደረጃ ብቻ መልሳችሁ አንብቡና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት።